ቀሐ ዳር ያደረ ድንኳን

ነጋሪት ሌሊት ይጎሰማል፤ ጎህ ሲቀድ ከተማው የለም። ትናንት ገበያ የደራበት፣ ዳኛ የተቀመጠበት፣ ካህናት የቀደሱበት ሜዳ ላይ የቀረው የከሰመ እሳት አመድ፣ የካስማ ጉድጓድና የበቅሎ ፋንድያ ነው። ከተማው ተጭኖ ሄዷል። ማታ ሌላ ሜዳ ላይ ያው ከተማ እንደገና ይተከላል። የንጉሡ ድንኳን ከፍ ካለው ቦታ ይቆማል፤ የቀኙ ሹም በቀኝ፣ የግራው ሹም በግራ ይሰፍራል፤ ዳኛውም፣ ወጥ ቤቱም፣ ነጋዴውም ስፍራውን ሳይጠይቅ ያውቀዋል።

በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ስድስት ዓመት ቆይቶ ያየው የዐፄ ልብነ ድንግል ከተማ ይህን ይመስል ነበር። በእርሱ ግምት ድንኳኑ አምስትና ስድስት ሺህ ይደርሳል፤ በቅሎው ከ50 ሺህ አያንስም። እንጀራው በሌማት፣ ጠጁ በእንስራ በሰው ራስ ላይ ይጓዛል። አንበሶች እንኳ በሰንሰለት ታስረው ከንጉሡ ጋር ይሄዳሉ። አብያተ ክርስቲያናቱም ድንኳን ናቸው። ጉዞ ሲጀመር ታቦታቱ በካህናት ትከሻ ይነሣሉ፤ ዲያቆኑ ቃጭል እያሰማ ከፊት ይቀድማል። ቃጭሉን የሰማ መንገደኛ ከበቅሎው ወርዶ፣ ከመንገዱ ፈቀቅ ብሎ ይቆማል።

በዘመናችን ቤቱን በመኪና ጭኖ አገር ላገር የሚዞር፣ ሲመሽበት ሐይቅ ዳር አቁሞ የሚያድር የውጭ አገር ሰው ስናይ እንገረማለን። ቤት እንዴት ይጓዛል? ሰው እንዴት ሜዳ ላይ እያደረ ደስ ይለዋል? ታሪካችንን ወደ ኋላ ብናየው ግን መገረም አይገባንም። እኛ ቤት ብቻ ሳይሆን ዙፋን፣ ችሎት፣ ገበያና መቅደስ ጭነን ስንጓዝ የኖርን ሕዝብ ነን። ጎንደርም የዚያ ጉዞ ማረፊያ ናት።

ቃሉም ይመሰክራል። «ከተማ» ከ«ከተመ» የወጣ ነው፤ ጉዞን ገትቶ መስፈር ማለት ነው። «ሰፈር»ም ከ«ሰፈረ» ነው። ማዕረጎቻችንም የጉዞና የሰፈር ሥርዓት ያለባቸው ናቸው፦ ፊታውራሪ ከፊት የሚመራው፣ ቀኝ አዝማች የቀኙ፣ ግራ አዝማች የግራው። አያቶቻችን በኩራት የተጠሩባቸው እነዚህ ስሞች የተወለዱት በጉዞ ላይ ነው።

የዚህ ኑሮ ዕዳ ግን ከባድ ነበር። ያን ያህል ሕዝብ ሰፍሮ የሚያድርበት ሜዳ ውሃም፣ ግጦሽም፣ ማገዶም ይፈልጋል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያልቀው ማገዶ ነው። ከአልቫሬዝ መቶ ዓመት በኋላ የመጣው ማኑኤል ደ አልሜይዳም የነገሥታቱ ሰፈር ከቦታ ቦታ የሚዛወርበት አንዱ ምክንያት የዛፍ ማለቅ እንደሆነ ጽፏል። ገበሬው ደግሞ ድርጎ ያወጣል። እህሉን፣ ማሩን፣ ሙክቱን ለእንግዳው ሠራዊት ያቀርባል። ንጉሥ በደጁ ማደሩ ክብር ነው፤ በነጋታው ጎተራው ባዶ መሆኑም እውነት ነው። በደንብ የማደር ጥበብ የሚፈተነው ሲመጡ ሳይሆን ሲነሡ መሆኑን ያ ገበሬ ከማንም በፊት ያውቅ ነበር።

ወደ ሐይቁ

የልብነ ድንግል ከተማ በኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጦርነት ፈረሰ። ንጉሡም ተሳድዶ በ1533 ዓ.ም. ሞተ። ልጁ ዐፄ ገላውዴዎስ በፖርቱጋሎች እገዛ በየካቲት 1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ድል አደረገ፤ ኢማሙም እዚያው ወደቀ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት የነገሥታቱ ሰፈር ቀስ በቀስ ከሸዋና ከደቡቡ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ጣና ዙሪያ ተሳበ።

ጣና ለሚሰፍር ሰው ያሻውን ሁሉ ይሰጣል። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተንጣለለ፣ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን፣ ጥልቀቱ ግን 15 ሜትር እንኳ የማይሞላ ሐይቅ ነው። ዳሩ የደንቢያ ጥቁር አፈር ነው፤ ጤፉ፣ ሽንብራው፣ ከብቱ አይጠፋም። ዓሣው ከውሃው ይወጣል። ከዳሩ የሚበቅለው ደንገል ታንኳ ይሆናል። ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ ደሴቶቹ መሸሸጊያ ናቸው፤ መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ከጦርነት የተረፉት በእነርሱ ነው።

ከ1555 ዓ.ም. ጀምሮ የነገሠው ዐፄ ሠርፀ ድንግል በእንፍራዝ አጠገብ፣ ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ፣ ጉዛራ ላይ የድንጋይ ቤተ መንግሥት አሠራ። ከጉዛራ ሰገነት ቁልቁል ጣና ይታያል። ዘላኑ ቤተ መንግሥት አንድ እግሩን በድንጋይ የተከለው እዚህ ነው ማለት ይቻላል። ሌላው እግር ግን ገና በመንገድ ላይ ነበር።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1600 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዘውድ ጫነ፤ ሰፈሩን ግን በሐይቁ ሰሜን ዳር፣ ጎርጎራ ላይ አደረገ። በ1595 ዓ.ም. የመጣው ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ የቅርብ ሰው ሆነው። ፓኤዝ በሚያዝያ 1610 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር በጎጃም ሲጓዝ የዓባይን ምንጭ ሰከላ ላይ፣ ግሽ ዓባይ ላይ አየ። ያን ምንጭ ለማየት የአውሮፓ ጠቢባን ለዘመናት ሲመኙ ኖረው፣ ያየው ሰው ግን ከተጓዥ ንጉሥ ጋር ድንኳን ለድንኳን የዞረ ቄስ ሆነ። ፓኤዝ በ1614 ዓ.ም. ጎርጎራ ሞተ። ሚሲዮናውያኑ ያሠሩት የማርያም ግምብ ፍርስራሽ ዛሬም ከሐይቁ ዳር ቆሟል፤ ድንጋዩ ላይ አበባ ተቀርጾበታል።

ይሁን እንጂ የሐይቅ ዳር ሰፈር ጠላት ነበረው፦ ወባ። ዝናቡ ሲያባራ ከረግረጉ የሚነሣው ሕመም ሠራዊት ይፈታል። የሱስንዮስ ሰፈር ከሐይቁ ርቆ ወደ ደጋው፣ ወደ ደንቀዝ የወጣው በዚህም ምክንያት እንደሆነ ይነገራል። ሐይቁን እያዩ ከፍ ብሎ ማደር፣ ውሃው ሳይርቅ ትንኙ እንዲርቅ ማድረግ የዘመኑ ትምህርት ሆነ። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ተቀብሎ በአገሪቱ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ደንቀዝ ላይ ሞተ። የተቀበረው ከጎንደር በታች፣ አዘዞ፣ ገነተ ኢየሱስ ነው።

በሁለት ወንዞች መካከል

ዐፄ ፋሲል (ፋሲለደስ) ለአደን ወጥቶ ጎሽ ሲከተል ከአንድ ኩሬ ደረሰ፤ እዚያም ከተማውን እንዲሠራ ተነገረው ይላል የጎንደር ሰው። ሌላው ትውፊት ከተማው ስሙ በ«ገ» ፊደል ዘር በሚጀምር ስፍራ ይሆናል የሚል ትንቢት ነበር ይላል፤ ጉዛራ፣ ጎርጎራ እየተባለ ሲፈለግ ኖሮ ጎንደር ላይ ተገኘ። ትውፊቱ የሚነግረን አንድ ነገር ነው፦ ሕዝቡ ራሱ ጎንደርን የረጅም ፍለጋ መጨረሻ፣ የድካም ማረፊያ አድርጎ አስቧታል።

በ1628 ዓ.ም. ከተማው ተቆረቆረ። ቦታው የሰፈር አዋቂ የመረጠው ይመስላል። ከፍታው ከ2,000 ሜትር ይበልጣል፤ ወባ አይደፍረውም። በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሐ ይወርዳሉ፤ በቅሎ ለማጠጣት ሩቅ መሄድ የለም። ከኋላ የወገራና የስሜን ደጋ፣ ከፊት የደንቢያ ሜዳ አለ። ሁለቱ ወንዞች ከከተማው በታች ተገናኝተው ከመገጭ ጋር ወደ ጣና ይሄዳሉ። ጎንደር ከሐይቁ ርቃ ወጣች እንጂ ከሐይቁ አልተለየችም፤ ቀሐ በየቀኑ ከእርሷ ወደ ጣና ይጓዛል።

ግንቡ ተገነባ፤ ጉዞው ግን በአንድ ቀን አልቆመም። የጎንደር ነገሥታት ክረምቱን በከተማው ይከርማሉ፤ መስቀል ካለፈ በኋላ ነጋሪት አስጎስመው ይዘምታሉ። በጋው የድንኳን ነው። ከ1674 ዓ.ም. ጀምሮ የነገሠው ታላቁ ዐፄ ኢያሱ ከግንቡ ይልቅ በሰፈር ያደረበት ሌሊት የሚበዛ ይመስላል። መጨረሻውም ከሐይቁ ጋር ተያያዘ፦ የሚወዳት ሴት ስትሞትበት ከዙፋኑ ርቆ ወደ ጣና ደሴት ገባ፤ በጥቅምት 1699 ዓ.ም. እዚያው ተገደለ። የተቀበረውም በጣናዋ ምጽራሐ ደሴት ነው።

ከነገሥታቱ ሌላ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ሲራራ ነጋዴ። ከምጽዋ በሊማሊሞ፣ ከሱዳን በመተማ፣ ከጎጃም በጣና ዳር እየዞረ ጎንደር የሚገባው እርሱ ነው። አሞሌ፣ ዝባድ፣ ቡናና ሸማ ይጭናል። ሲመሽ ጭነቱን አራግፎ በክብ ይደረድረዋል፤ አህያና በቅሎው ከመካከል ይገባል፤ እሳት ይነዳል፤ በተራ ይጠበቃል። የሁሉም አለቃ ነጋድራስ ነው። ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ከ1660 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ ወዲህ ከክርስቲያኖቹ ተለይተው ከከተማው ግርጌ፣ ወደ ቀሐ ዳር እንዲሰፍሩ ተደረጉ። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስም ስለዚያ የቀሐ ዳር ከተማ ጽፏል። የመለየቱ ሕግ የሚያሳዝን ነው፤ የጎንደርን ንግድ ለዘመናት በትከሻው ያቆመው ግን ያ የወንዝ ዳር ሰፈር ነው።

ድንኳን የሌለው ተራ መንገደኛስ? ለእርሱ የተሠራለት ማደሪያ አልነበረም፤ ያስፈልጋል ያለም አልነበረም። ሲመሽበት ካገኘው ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ!» ይላል። ከውስጥ «ቤት ለእንግዳ!» የሚል ድምፅ ይመልሳል። እግሩ ይታጠባል፤ ከመደቡ ላይ ቁርበት ይነጠፍለታል፤ ከማን ወገን ነህ የሚባለው ከበላ በኋላ ነው። የእግዜር እንግዳ የሚለው ስም ለተጓዥ ከተሰጡ ስሞች ሁሉ የከበረ ነው ብዬ አምናለሁ። በዚህ አገር የማደሪያ ሥራ እንደ ንግድ ዘግይቶ የመጣው ሰው እንግዳን ስላልለመደ ሳይሆን፣ እጅግ ስለለመደ ነው።

ጎማ መጣ

መንኮራኩር በዚህ ተራራ ላይ ለመንከባለል ብዙ ዘመን ፈጀበት። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ተመዘበሩ፤ ከተማዋ ከዚያ ቁስል ለመዳን ትውልድ ጠየቃት። እኒሁ ንጉሥ ግን ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን አስቀልጠው አሠሩ። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን መድፍ በጋሪ ጭነው፣ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ እያስጠረጉ፣ ከ1860 ዓ.ም. ጥቅምት እስከ መጋቢት ተጉዘው መቅደላ አደረሱት። ለመንኮራኩር ተብሎ በዚያ ደጋ የተቆረጠ መንገድ ነበር። በዚያው መንገድ የንጉሡ ታላቅ ሰፈር የመጨረሻውን ጉዞ ተጓዘ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰዉ።

መኪና ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ዐፄ ምኒልክም ተሳፈሩበት። ጎንደር ግን መኪናን በብዛት ያየችው በወረራ ቀን ነው። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በአኪሌ ስታራቼ የሚመራው፣ በካሚዮን የተጫነ የፋሺስት ጦር ከኤርትራ በኦም ሐጀር በኩል ተጉዞ ከተማዋን ያዘ፤ በሚያዝያም ጣና ዳር ደረሰ። ነገሥታቱ በበቅሎ ሲዞሩበት የኖሩትን ዳር አሁን የሞተር ድምፅ ሞላው።

ጣልያን ሊማሊሞን ጠርቦ መኪና የሚወጣበት መንገድ አወጣ። ከአሥመራ የመጣው መንገድ ከቆላው ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ደባርቅ ላይ ይወጣል፤ ሹፌር ሁሉ ስሙን ሲሰማ ወገቡን ያጠብቃል። ወደ ጎርጎራም መኪና ወረደ፤ ወደቡ ተሠራ። ይህ ሁሉ የተሠራው ለእኛ ምቾት አልነበረም። አርበኛው በየሸንተረሩ አድፍጦ መንገዱን የሞት መንገድ አደረገው። የወልቀፊት ምሽግ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ኅዳር 18 ቀን ጎንደር ነፃ ወጣች። በምሥራቅ አፍሪካ የቀረው የመጨረሻው የጣልያን ምሽግ እርሷ ነበረች። ጠላት ሄደ፤ መንገዱ ለእኛ ቀረ።

ቤት ያለው መኪና

በዚያን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ሰው ቤቱን በመኪና መጫን ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 ጀርመን ውስጥ የቮልስዋገን ሚኒባስ ወጣ፤ በዓመቱ ቬስትፋሊያ የተባለ ፋብሪካ ከውስጡ አልጋ፣ ቁም ሣጥንና ጠረጴዛ ገጠመለት። መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ሆቴል ሳይከፍል ባሕር ዳርና ሐይቅ ዳር ማደር ቻለ። ያ መኪና ብዙ ወጣቶችን ከአገራቸው አወጣ፤ አፍሪካን ከሰሜን እስከ ደቡብ ለማቋረጥ የተነሡ ሰዎችም ወደ እኛ ደረሱ።

በ1959 ዓ.ም. አየርላንዳዊቷ ዴርቭላ መርፊ ግን መኪና አልፈለገችም። በቅሎ ይዛ ከሰሜን ተነሥታ፣ በስሜን ተራሮች አቋርጣ፣ በጎንደርና በጣና ዳር አድርጋ አዲስ አበባ ድረስ ሄደች። ጉዞዋን በመጽሐፍ ጽፋ አሳተመች። በየመንደሩ ያደረችው ቤት ለእንግዳ እያለ በሚከፈት ደጅ ነው። አልቫሬዝ ያየውን አገር ከ450 ዓመት ገደማ በኋላ በዚያው በበቅሎ ፍጥነት ያየች ሴት ናት።

ሀብተሥላሴ ታፈሰ የአገሪቱን ቱሪዝም በማቋቋም ላይ በነበሩበት በዚያ ዘመን፣ አክሱምን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና ጣናን ያገናኘው የታሪክ መንገድ ለዓለም ተዋወቀ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በአዋጅ ተመሠረተ፤ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያ ስፍራዎች አንዱ ሆነ። ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ ድንኳን የሚተከልባቸው ስሞች ሆኑ። ሥርዓቱ ደባርቅ ላይ ይጀምራል፦ አስጎብኚ፣ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎ ከነነጂው። ማታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጠዋት ጭላዳዎች ከገደሉ እየወጡ ሣር ይነጫሉ። የድንኳን ኑሮ ለደባርቅ ወጣት እንጀራ የሆነው እንዲህ ነው። የዩኔስኮ የጥቅምት 1972 ዓ.ም. ጉባኤ ደግሞ ፋሲል ግቢን በዓለም ቅርስነት መዘገበ።

ነገር ግን በዚያን ጊዜ የሚመጣ አልነበረም። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ መንገዱ ተዘጋ። በመተማና በሁመራ በኩል ጦርነት ሆነ፤ በጎንደር ቀይ ሽብር ወጣቱን ፈጀው። ስሜንም የጦር ሜዳ ሆነ፤ ዋልያው ተመናመነ። ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው።

የጎርጎራ ሌሊት

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መንገደኛው ተመለሰ። በ1995 ዓ.ም. ከካይሮ እስከ ኬፕታውን በብስክሌት የሚጋልቡ ሰዎች የዓመት ጉዞ ተጀመረና ጎንደር ከማለፊያዎቹ አንዷ ሆነች። የመተማ መንገድ አስፋልት ሲለብስ ደግሞ በሱዳን የሚመጡ ቤት ያላቸው መኪናዎች በረከቱ። ከመተማ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ቆላውን በሙቀት ወጥቶ ለሚመጣ ሰው የጎንደር ደጋ አየር የመጀመሪያው እረፍት ነው።

በ2000ዎቹ ዓመታት ከኔዘርላንድስ የመጡ ባልና ሚስት ጎርጎራ ላይ፣ ከሐይቁ ዳር፣ የድንጋይ ጎጆዎችና የድንኳን ማደሪያ ሠሩ። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት ይደረሳል። ዓለምን የሚዞሩ ሰዎች ስሙን ከአፍ ወደ አፍ አቀባበሉት። ከካይሮ የተነሣ «ጎርጎራ ላይ እናርፋለን» ብሎ ይነሣ ጀመር። በሱስንዮስ ሰፈር ላይ፣ ከ400 ዓመት በኋላ፣ ተጓዥ ቤት እንደገና ቆመ።

እስቲ የዚያን ጊዜውን ቤት እንየው። ትልቁ ከጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የታነጸ ነው፤ ውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ የውሃ ታንከር አለው፤ ጣሪያው ላይ ሶላር ተዘርግቷል። ትንሹ ላንድክሩዘር ነው፤ ማታ ጣሪያው ላይ ድንኳን ይከፈትና በመሰላል ይወጣል። ባለቤቱ ከመኪናው ሲወርድ የሚጠይቀው ግን የጥንቱን የንጉሥ ድንኳን ተካይ ጥያቄ ነው፦ ውሃው የት ነው? ደልዳላው መሬት የቱ ነው? ጥላ አለ? ሌሊት ማን ይጠብቃል? ማገዶ ከማን ይገዛል? አምስት መቶ ዓመት የሰፋሪን ጥያቄ አልለወጠውም።

የአገሬው ድርሻ ግን ተለውጧል፤ ለእኔ የታሪኩ ትልቁ ነገር ይህ ነው። የልብነ ድንግል ዘመን ገበሬ ድርጎ ያወጣ ነበር፤ የጎርጎራ ዓሣ አስጋሪ ግን ዓሣውን ይሸጣል። ዘበኛው ደመወዝ አለው፤ ልጁ ታንኳ ይቀዝፋል፤ ሴትዮዋ እንጀራ ትጋግራለች፣ ቡና ታፈላለች። እንግዳው ደብረ ሲና ማርያም ሲገባ ከክብ ሣር ቤቷ ውስጥ ሥዕሎቹን አይቶ መግቢያውን ይከፍላል። ሌሊት ጉማሬ ከውሃው ወጥቶ ሣር ሲግጥ ይሰማል፤ በበጋ ከሰሜን የሚመጡ ኩርኪዎች በማለዳ በጩኸት ይነሣሉ። በየሳምንቱ ከባሕር ዳር ተነሥታ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ አድርጋ ጎርጎራ ትደርስ የነበረችው ጀልባም ሰውና ፍየል፣ እህልና ቢራ ጭና ትገባ ነበር። እንግዳና ባለአገር ሁለቱም የሚጠቀሙበት አዳር በታሪካችን ውስጥ አዲስ ነው፤ ውድም ነው።

ሐይቁ ታመመ

ያ አዳር ብዙም አልቆየም። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በሰሜን ምሥራቁ ዳር፣ መገጭ ጣና በሚገባበት አቅራቢያ አረንጓዴ ቅጠልና ወይን ጠጅ አበባ ያለው ባዕድ ተክል ታየ። እምቦጭ ነበር። በጥቂት ዓመት ውስጥ የደንቢያን ዳር አለበሰው። ታንኳ አይቀዝፍበትም፣ መረብ አይጣልበትም፣ ከብት ውሃ አይደርስበትም። ሕዝቡ በባዶ እጁ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነቀለው፤ ከየአገሩ ማሽን ተገዛለት። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ደስታውና ሐዘኑ አብረው መጡ።

መገጭ ምን ይዞ ይገባል? ከእርሻ ታጥቦ የወረደ አፈርና ማዳበሪያ ይዞ ይገባል። የጎንደርንም እድፍ ይዞ ይገባል፤ ቀሐና አንገረብ ያስረከቡትን። ከእንግዳው ድንኳን በፊት የጎርጎራን ዳር የሚነካው እኛ ከድልድዩ ላይ የወረወርነው ፌስታል ነው። ከተማችን መጓዝ ካቆመች አራት መቶ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ሰፋሪ ሲነሣ ጥሎት የሚሄደውን ቆሻሻ እኛ ሳንነሣ በየቀኑ በወንዙ እንልከዋለን።

በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ በ«ገበታ ለሀገር» የልማት ፕሮጀክት ጎርጎራ ከሚለሙት ስፍራዎች አንዷ እንደሆነች ተነገረ፤ ትልቅ ሪዞርትም ይሠራ ጀመር። ብዙ አልቆየም፤ መንገዱ ጨለመ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ፈነዳ፤ በዚያው ክረምት የአማራ ክልልም ጦርነት ውስጥ ገባ። ከካይሮ የሚነሣው መንገደኛ ቀረ። በመተማ መንገድ ላይ የታየው ድንኳን የሌላ ሰው ድንኳን ነው። ከጦርነቱ የሸሹ ሱዳናውያን ኩመርና አውላላ ላይ ሰፈሩ፤ ብዙዎቹ እዚያም ስጋት በዝቶባቸው በመንገድ ዳር በላስቲክ ሥር አደሩ። ሐይቅ ለማየት ቤቱን ጭኖ የሚመጣና ቤቱ ተቃጥሎበት የሚመጣ ሰው በአንድ መንገድ ይገባሉ። «ቤት ለእንግዳ» ያለ ሕዝብ ሁለቱንም ማወቅ ይገባዋል፤ የመጀመሪያው ዳግም እንዲመጣ ለሁለተኛው ሰላም ያስፈልገዋል፤ ለእኛም።

ከተራ

ከዚህ ሁሉ በኋላ የጥንቱ ሰፈር ጠፍቶ ይሆን? አልጠፋም። ጥር 10 ቀን ቀሐ ዳር መሄድ ነው።

ከቀሐ የተጠለፈው ውሃ አስቀድሞ የፋሲልን መዋኛ ይሞላዋል። የዋርካ ሥር ቅጥሩን እንደ እጅ ጣት ጨብጦታል። ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ከየደብራቸው ይነሣሉ፤ በካህናት ራስ ላይ፣ በወርቀ ዘቦ ተሸፍነው። ከፊት ቃጭል ይቀድማል፤ ሰው ከመንገዱ ፈቀቅ ብሎ ይቆማል፤ አልቫሬዝ እንዳየው ነው። ወንዙ ዳር ድንኳን ተተክሎ ይጠብቃቸዋል። ታቦታቱ ከውሃው አጠገብ ያድራሉ፤ ሕዝቡም ከሜዳው፣ ከብርዱ ጋር፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ እሳት አንድዶ ያድራል። ለአንድ ሌሊት ጎንደር ግንቧን ትታ ወደ ድንኳኗ ትመለሳለች። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጥምቀትን በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ከተመዘገበው ውስጥ ይህ አዳር አንዱ ነው።

በማግስቱ ውሃው ይባረካል፤ ወጣቱ ይዘላል፤ ታቦታቱ በእልልታ ይመለሳሉ። የሚካኤል ታቦት አንድ ሌሊት ጨምሮ አድሮ ይገባል። ከዚያ ድንኳኑ ይነቀላል። ሜዳው ላይ የሚቀረው የከሰመ እሳት አመድና የካስማ ጉድጓድ ነው። ከሕዝቡ መካከል ግን ጎንበስ ብለው ላስቲክና ጠርሙስ የሚለቅሙ ወጣቶች አሉ። ማንም አላዘዛቸውም። እነርሱን ሳይ የአልቫሬዝ ዘመን ሠራዊት ያልተማረውን እየተማርን ነው እላለሁ። የለቀሙት ላስቲክ ወደ ቀሐ አልገባም ማለት፣ ወደ መገጭ አልወረደም፤ ጎርጎራ ዳር አልደረሰም ማለት ነው። እዚያ ነገ ቤቱን አቁሞ የሚያድረው እንግዳ ማንነታቸውን አያውቅም፤ ንጹሑን ውሃ ግን ያገኘዋል።